ከሻንጣው የወጣው

ሳጥኑ ድልድዩ መሀል ሲደርሱ ጮኸ።

አንዴ ብቻ፣ ቀጭን፣ የጫጩት የመሰለ ድምፅ። ሩሃማ እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ሰድዳ ጭብጥ አድርጋ አፈነችው። ከመዳፏ ብዙም የማይበልጥ ብርቱካናማ ነገር ነው፤ ጠዋት ቁልፎቹን ነካክታ ካበራችው ወዲህ እንዴት እንደሚጠፋ አላወቀችም። በጣቶቿ መሀል ቀይ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

«ስልኬ ነው እማዬ።»

«ስልክሽ ከመቼ ወዲህ ነው እንደዚህ የሚጮኸው?»

«ቀየርኩት። ኪዩት አይደል?»

እናቷ ውብነሽ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛዋለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተው እዚህ እስኪደርሱ በሰዓት ከሠላሳ ማይል አልበለጠችም፤ ከኋላዋ የሚያንባርቁትን መኪኖች ሁሉ «እለፉ! እለፉና የቸኮላችሁበት ግቡ!» እያለች ስታሳልፍ ነው የመጣችው። የጣለው በረዶ ሁለት ጣት አይሞላም። መንገዱም በረዶ እንዲያቀልጥ በተረጨበት ጨው ነጥቶ ደርቋል። ሰዉ ግን ከትናንት ጀምሮ ወተቱንና ዳቦውን ከየሱቁ ጠራርጎ ወስዶ፣ ዓለም ሰኞ የምታልቅ አስመስሎታል። በዚህ ላይ የጎማ ምልክት በርቶባታል፤ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ድረስ የሚጓዙትም ለዚሁ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጎማ ቤት ጠፍቶ አይደለም። የአሌክሳንድሪያው ጎማ ቤት ውስጥ የሚሠራው ፉአድ የልጇ የዮኒ የልብ ጓደኛ ነው፤ ውብነሽ ደግሞ የማታውቀው ሰው መኪናዋን ሲነካባት ሆዷን ይቆርጣታል።

በሌላ ቀን ቢሆን ሩሃማ በዚህ ሁሉ ትስቅ ነበር። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ሠላሳ ደፍኗል ትላለች እናቷ። ዛሬ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል። ከድልድዩ ስር ወንዙ እንደ እርሳስ ግራጫ ሆኖ ተኝቷል፣ እሷ ሰዓት ትቆጥራለች። እዚህ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ወንድሟ ዮኒ ያለበት ኮሎራዶ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እዚያ ገና አንድ ሰዓት ተኩል። ወንድሟ ጋ አስራ አራት ጊዜ ደውላለች። አስራ አራቱንም ጊዜ የመለሰላት ያ የተቀዳ፣ ምንም የማያውቅ፣ ደስተኛ ድምፁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ዮኒ «የሥራ ስልጠና አለኝ፣ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር እሄዳለሁ፣ ማክሰኞ እመለሳለሁ» ብሎ ነበር። ማሞቂያና ኤሲ ጠጋኝ ነው፤ ድርጅቱ አልፎ አልፎ ስልጠና ስለሚልከው ማንም አልጠረጠረም። «ደግሞ አደራ፣ ዕቃ ምናምን አላደርስም!» ብሎም አስጠንቅቆ ነበር። እሱ ይበል እንጂ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ እትዬ ባዩሽ አለች፣ የእትዬ ባዩሽ ልጅ ደግሞ ልትወልድ ሳምንት ቀርቷታል፤ ሰው ወደዚያ እየሄደ እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል? ዮኒ ሥራ እያለ ውብነሽ ንጥር ቅቤውን፣ የገንፎ ዱቄቱን፣ በርበሬውንና ድርቆሹን በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልላ የሻንጣው አጠገብ ደረደረችው። ኦሮራ የሀበሻ ሱቅ በየማዕዘኑ እንዳለ ሩሃማ ብትነግራትም «የሱቅ በርበሬ ለአራስ?» ብላ ዘጋቻት።

ሻንጣ ማስተካከል የሩሃማ ሙያ ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ይህን የሚክድ የለም። የሰው ልብስ እንደ ሲጋራ ጠቅልላ፣ ጫማ ውስጥ ካልሲ፣ ካልሲ ውስጥ ሽቶ ታስገባለች። ያን ቀን ግን ሻንጣውን አቅፋ ሚዛን ላይ ስትወጣ ከተፈቀደው ሃምሳ ፓውንድ በአራት አለፈ። ከስር ስትፈትሽ በወፍራም ሹራብ የተጠቀለለ የሚታጠፍ አካፋ፣ በገመድ የተሰካካ የቀጫጭን ቧንቧ እስርና ይሄ ብርቱካናማ ሳጥን ወጡ።

«አካፋ ምን ሊያደርግለት ነው? ዴንቨር ሄዶ ቦይ ሊቆፍር ነው?» አለች ውብነሽ።

«የሥራ ዕቃው ነው መሰለኝ።»

«የሥራ ከሆነ እዚያ ይሰጡታል። ይሄ ደግሞ ባትሪ አለው፤ ኤርፖርት ላይ ያስይዘዋል። አውጪው፣ አውጪው።»

አወጣችው። ሦስቱንም በፌስታል አድርጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወረችና በቦታቸው ቅቤውን አስተኛችው። ሹራቡን እንደነበረ ጠቅልላ ከላይ ደፋችበት፤ ዮኒ ሻንጣውን ቢከፍተው እንኳ የተነካ እንዳይመስለው። በሥራዋ ኮርታ ነበር። ሚዛኑ ላይ ሃምሳን ድፍን ስታይ እጇን አንስታ ጨፍራለች።

ዛሬ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የዮኒን ወፍራም ጃኬት ልትሰርቅ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ፌስታሉ እግሯ ላይ ወደቀ። ሥራ ፈትታ ነው እንጂ ምንም አስባ አይደለም፣ ከሳጥኑ ጀርባ የተጻፈውን ስልኳ ላይ ጻፈችው። መጀመሪያ የመጣላት ቪዲዮ ላይ ሰማያዊ ሄልሜት ያደረገ ፂማም ሰውዬ የምግብ አሠራር እንደሚያሳይ ሰው ፈገግ እያለ ስለ ሳጥኑ አስረዳ። የበረዶ ናዳ ከተራራ ወርዶ ሰው ሲቀብር፣ የተቀበረው ሰው ደረት ላይ የታሰረው ሳጥን ምልክት ይልካል፤ ከላይ የተረፉት በራሳቸው ሳጥን ምልክቱን እየተከተሉ ይፈልጉታል፤ ቀጫጭኖቹን ቧንቧዎች ቀጣጥለው በሚሠሩት ረጅም ዘንግ ወግተው ያለበትን ያረጋግጣሉ፤ በአካፋው ያወጡታል። ሳጥን የሌለው ሰው የት እንዳለ ማንም አያውቅም።

ሁለተኛውን ቪዲዮ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አየችው። ሦስተኛውን ሳትጨርሰው አጠፋችው።

* * *

«ማዘር! በዚህ በረዶ ወጡ እንዴ?» አለ ፉአድ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ መብራቱ በራብኝ። ዮንዬ ደግሞ የለም።»

«እርስዎ ውስጥ ይግቡና ይሙቁ፤ ምስማር ነው የሚሆነው፣ አሁን እጨርስልዎታለሁ።»

ውብነሽ ቦርሳዋን ብብቷ ስር ሸጉጣ ወደ መስታወቱ ክፍል ገባች። አራት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን ያሉበት ጠባብ ክፍል ነው። ሩሃማ ግን አልተከተለቻትም። ፉአድ መኪናዋን ከፍ አድርጎ ጎማውን እስኪፈታ ጠበቀችና፣ የእናቷ ጀርባ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲዞር ሳጥኑን ከኪሷ አወጣችው።

«ይሄን ታውቀዋለህ?»

የፉአድ እጅ ጎማው ላይ ቆመ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከቤት።»

«ቤት ምን ያደርጋል? ዮኒ ይዞት አልሄደም?»

«ሊሄድ ነበር። እኔ አወጣሁት። ቅቤ ላስገባ ብዬ።»

ፉአድ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሩሃማ ሳቁን ጠበቀችው፤ ቢስቅ ደስ ይላት ነበር። ፉአድ የሚስቅበት ነገር ሁሉ ቀላል ነገር ነው። ሳቁ ግን አልወጣም። ሳጥኑን ከእጇ ወስዶ አንድ ቁልፍ ተጭኖ አጠፋውና ጎማዎቹ ክምር ላይ በቀስታ አስቀመጠው፤ እንዳይሰበር የፈራ ይመስል።

«ስልጠና አይደለም አይደል የሄደው?» አለች።

«ስልጠናማ ባለፈው ጥር ሁለታችንም ወስደናል፤ የናዳ ስልጠና። አሁን የሄደው ለዋናው ነው። የሥራ ቦታው ሰዎች ናቸው፣ በየዓመቱ ይሄዳሉ። በረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር ጫካውን አቋርጠው ይወጡና ማንም ያልረገጠው ተራራ ላይ በስኪ ይወርዳሉ። ጠባቂ የለ፣ አጥር የለ፣ ምን የለ። እኔም ልሄድ ነበር፣ ፈቃድ ከለከሉኝ።»

«እና ዛሬ አደገኛ ነው?»

ፉአድ ስልኩን አወጣ። የአካባቢው የናዳ ትንበያ በየቀኑ ይወጣል፤ ሰሞኑን በየጠዋቱ ሲያየው እንደነበር አልደበቀም። ገጹ ላይ ተራራው ብርቱካናማ ቀለም ተቀብቶ ሦስት ቁጥር ተጽፎበታል።

«ሦስት ከስንት?»

«ከአምስት።»

ሩሃማ ትንሽ ተነፈሰች። «ግማሽ ነዋ!»

«እሱ ነው ችግሩ። ሰው ሁሉ ልክ እንዳንቺ ነው የሚለው። አምስት ሲሆን ማንም አይወጣም። ሦስት ሲሆን ይወጣሉ፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም በሦስት ነው።» እጁን ዘርግቶ መዳፉን በመዳፉ ላይ አስቀመጠ። «ከታች በኅዳር የጣለው በረዶ አለ፤ ስኳር ሆኗል፣ ፍርክስክስ ያለ። ከላይ ሰሞኑን ንፋስ ያመጣው ጠጣር በረዶ ተጭኖበታል። ጠረጴዛ ላይ ስኳር በትነሽ ከላዩ ሰሌዳ አስቀምጪና ጠረጴዛውን አዘንብዪው። አንድ ሰው መሀል ሲደርስ…» የላይኛው መዳፉ ተንሸራተተ። «አንዳንዴ ቀድሞ ድምፅ ይሰማል። ከእግርሽ ስር፣ ‘ውምፍ’ የሚል። አየሩ ከስኳሩ ሲወጣ ነው። እሱን ከሰማሽ መመለስ ነው፣ ክርክር የለም።»

«ከተቀበረስ?»

«ሩሂ፣ ተይው።»

«ከተቀበረስ አልኩህ!»

«አስራ አምስት ደቂቃ» አለ ፉአድ። «እስከዚያ ካወጡት ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።»

ከመስታወቱ ጀርባ እናቷ ወንበሯን ከማሞቂያው አጠገብ ስትጎትት አየቻት። ሩሃማ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ፍርሃት መሆኑን እስካሁን አላወቀችም ነበር፤ ቁርስ ስላልበላች ነበር የመሰላት። አሁን ግን ስም ነበረው፣ ክብደትም ነበረው። ልክ አራት ፓውንድ።

«ስሚ፣ አይዞሽ» አለ ፉአድ፣ ፊቷን ሲያይ። «ሞኝ አይደሉም። መሪያቸው ሜሪ የምትባል ሴትዮ ናት፤ ሃያ ዓመት ተራራ ላይ የኖረች። ከመነሳታቸው በፊት መንገዱ ላይ ትቆምና ሁሉም አንድ በአንድ በፊቷ ያልፋሉ፤ የያንዳንዱ ሳጥን በእሷ ሳጥን ላይ ይጮሃል። ያልጮኸለት ሰው አይሄድም። ዮኒም ሻንጣውን ሲከፍት እንደሌለው ያያል፣ ይነግራታል፣ አለቀ።»

ሜሪ ጋ ደወለ። አልተነሳም። ቀስ ብሎ በእንግሊዝኛ መልእክት ተወላት፤ ዮኒ ሳጥኑም አካፋውም እዚህ እንደቀረ፣ ሳይዝ እንዳይወጣ። ስልኩን ሲዘጋ «ተራራው ስር ኔትወርክ የለም፤ ግን ትሰማዋለች» አለ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲናገር አላያትም።

ሩሃማ እትዬ ባዩሽ ጋ ደወለች።

«ሩሃማዬ! እንዴት አደርሽ የኔ እናት? ቅቤው እንዴት ያለ ቅቤ ነው! እናትሽን እጇን ይባርከው በያት።»

«እሺ እትዬ ባዩሽ። ዮኒ አለ?»

«ዮኒማ ሌሊት መጥተው ወሰዱት፤ ሁለት ትልልቅ ፈረንጆች፣ በትልቅ መኪና። ማታ ሻንጣውን ከፍቶ ዕቃዬን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ፈልጎ አጣ። ገለባበጠው፣ ገለባበጠው፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ‘እትዬ ባዩሽ፣ አካፋ አለዎት?’ አለኝ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ የምኖር ሴትዮ አካፋ ምን ላደርግበት? ሱቁም ዘግቶ ነበር። ኋላ ሳቀና ‘ተዉት፣ ችግር የለም’ አለ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎኛል። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ምንም» አለች ሩሃማ። «ምንም አይደለም።»

ፉአድ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ሰምቷል። ዮኒ ሳጥኑን እንዳልያዘ አውቆ ነው የሄደው።  ጎማ ቤቱ ውስጥ የአየር መጭመቂያው ብቻ ይተነፍሳል።

«ለሜሪ ይነግራታል» አለ ፉአድ።

«አንተ ብትሆን ትነግራታለህ?»

ፉአድ ከውስጥ አለቃው ሲጠራው የዳነ ሰው መስሎ ሄደ።

* * *

ስልኳ የጠራው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከስሙ በላይ ዮኒ ምላሱን አውጥቶ የተነሳው ፎቶ ብቅ አለ። ሩሃማ ወደ ውጭ ሮጣ የጎማ ቤቱ ግድግዳ ስር ቆመች።

«አንቺ ቀበጥ! አስራ አራት ጊዜ? ምን ሆነሽ ነው?»

ድምፁ እየተቆራረጠ ይመጣል። ከኋላው ሞተር ያጓራል፣ ሰዎች ይሳሳቃሉ።

«ዮኒ የት ነህ?»

«ነዳጅ እየቀዳን ነው። ከዚህ በኋላ ስልክ የለም፤ ቶሎ በይ።»

«ሳጥንህ እኔ ጋ ነው።»

 ሲራመድ፣ በረዶው በጫማው ስር ሲንቋቋ ሰማች፤ ከሰዎቹ እየራቀ ነው።

«አውቃለሁ» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ። «ሹራቤን እንደዚያ የሚጠቀልል ሌላ ማን አለ? ችግር የለም ሩሂ። አልተቆጣሁሽም።»

«ተቆጣኝ! ግን እንዳትሄድ።»

«እንዴት ነው የማልሄደው?»

«ለሜሪ ንገራት። ፉአድ ነግሮኛል፣ የሌለው ሰው አይሄድም ብሎ። ንገራትና መኪና ውስጥ ቁጭ በል።»

«አንቺ ደግሞ! እኔ ከቀረሁ ሁሉም ናቸው የሚቀሩት። ዕቃውን የሚያከራዩት ሱቅ ድረስ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ተመልሰን እስክንመጣ ቀኑ አለቀ። ሦስት ዓመት ነው ሲጋብዙኝ ፈርቼ እምቢ ያልኩት። በመጀመሪያው ቀን ‘ይቅርታ፣ እናቴ አካፋዬን አውጥታ ቅቤ ጨመረችበት’ ልበላቸው?» ሳቀ። ሳቁ እውነተኛ ነበር፤ ያ ነው ያስፈራት። «ለጥ ያለ ቦታ ነው የምንሄደው። ቀጥ ያለው ጋ አንደርስም።»

«የሜሪን ፍተሻስ እንዴት ታልፋለህ?»

«ከፊቴ ካለው ሰው ኋላ ተጠግቼ አልፋለሁ። የሱ ሲጮህ የኔም የጮኸ ይመስላል። ባልና ሚስት ሆነን!»

«ሦስት ነው ዛሬ። ሦስት! ፉአድ አሳይቶኛል። ስኳር ነው ከታች።»

«ኧረ ፕሮፌሰሯ! ሦስት ከአምስት እኮ ነው።»

ሩሃማ ግድግዳውን ተደገፈች። ቃል አለቀባት፤ እሷ፣ ቃል አልቆባት የማያውቅ። ልትለምነው ትችላለች፣ ይስቃል። ልትሰድበው ትችላለች፣ ይስቃል። ልታለቅስ ትችላለች፣ «አይዞሽ ሩሂዬ» ብሎ በደግነት ይዘጋባታል፤ ከዚያም ከአንድ ሰው ኋላ ተጠግቶ፣ ሰው እንዳያፍርበት፣ እንዳያስቸግር፣ ቀን እንዳያበላሽ ተጠንቅቆ ያልፋል። ዮኒ ሲበላ እንኳ የመጨረሻውን ጉርሻ ለሰው ትቶ የሚነሳ ልጅ ነው። በረዶው ከላዩ ቢደፋበትም ከስር ሆኖ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላታል።

«በቃ ሩሂ፣ ሞተሮቹን እያወረዱ ነው። ማታ…»

«እማዬ ታማለች።»

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው።

ወዲያኛው ጫፍ የበረዶው መንቋቋት ቆመ።

«ምን?»

አባታቸው የሞተ ቀን ዮኒ አስራ አራት ዓመቱ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ ትምህርት ቤት። አጎታቸው ከክፍል ጠርቶ ያወጣው «አባትህ ትንሽ አሞት ነው፣ ና» ብሎ ነው። እነሱ ሰፈር፣ እነሱ ዘመድ፣ እነሱ አገር ሞትን በስልክ የሚናገር ሰው የለም። ታሟል ይባላል፤ ና ይባላል። የተጠራውም ሰው መንገዱን ሁሉ እያወቀ፣ እንደማያውቅ ሆኖ ይመጣል። ሩሃማ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው የዮኒ ቦርሳ በአንድ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ በር ላይ መቆሙን ነው።

«ታማለች ነው ያልሽው?»

በመስታወቱ ውስጥ እናቷ ትታያታለች። ውብነሽ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወደ ማሞቂያው ዘርግታለች፤ የወረቀት ኩባያ ይዛ በቴሌቪዥኑ ላይ የሆነ ነገር እየተቆጣች ነው። ደህና ናት። ከማንም በላይ ደህና ናት። ደህና ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማውጣት ሟርት ነው፤ ይሄን ብትሰማ ውብነሽ ሦስት ጊዜ ታማትባለች፣ አፏን በጥፊ ትላታለች።

«አዎ» አለች። «ታማለች። ና።»

«ሩሃማ።» ሙሉ ስሟን ጠርቷት አያውቅም። «ምን ሆና ነው? ሆስፒታል ናት? አገናኚኝ።»

«አሁን አይቻልም።»

«ለምን አይቻልም?»

«ዮኒ፣ ብቻ ና። ዛሬውኑ ና።»

እሱ ያለውን አታውቅም። ቃል አልነበረም። ከሰው ደረት አየር ሲወጣ፣ ከስር አንድ ነገር ሲናድ የሚሰማ ነገር ነበር፤ ከዚያ ስልኩ ከጆሮው ራቀ፣ ቀረበ፣ ራቀ። ሩሃማ ዓይኗን ጨፈነች። አሁን እውነቱን ልትነግረው ትችላለች። አንድ ቃል ይበቃል። አንድ ቃል ተናግራ ከዚህ ድንጋጤ ታወጣዋለች፤ እሱም እየተሳደበ፣ እየሳቀ፣ ሞተሩ ላይ ይወጣል።

ጥርሷን ነከሰች።

«ማነው? ዮንዬ ነው?»

ስትዞር እናቷ ከፊቷ ቆማለች፤ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ፣ ኩባያዋን እንደያዘች፣ ልጇ ስለደወለ ፊቷ በርቶ። እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። «ዮን…» ልትል አፏን ከፈተች።

ሩሃማ መዳፏን እናቷ አፍ ላይ ጫነች።

ኩባያው ወደቀ። የውብነሽ ዓይኖች ተከፈቱ፤ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ የልጇን ፊት አዩና ቁጣቸው ጠፋ። የሩሃማን አንጓ ያዘች። ልትነጥለው ትችል ነበር፣ ጉልበት አላት። ግን አልነጠለችውም። ከስልኩ ውስጥ የሚወጣውን ሰምታለች፤ ትልቅ ሰው፣ ከአምስት ግዛት ወዲያ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ።

አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። አንድ ሞተር ጠፋ። ሁለተኛው ጠፋ። ዮኒ «እናቴ» አለ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ ያለውን ግን መጨረስ አቃተው።

በሩሃማ መዳፍ ስር የእናቷ ከንፈር የዮኒን ስም ይጠራል፤ ያለ ድምፅ፣ ደጋግሞ። ትንፋሿ ሞቃት ነበር። በጣቶቿ መሀል በብርዱ አየር ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይወጣል።

«ዝም በይ እማዬ» አለች ሩሃማ፣ በሹክሹክታ። «ትንሽ ብቻ። እነ ዮኒ መኪናቸውን ወደ ኋላ እስኪያዞሩ።»